ዱባው አበባ በአበባ ነው፣ ፍሬ ግን የለም፦ ንብ ወደ ጓሮ እንዴት ይመጣል? (ሀዋሳ)

የአቶቴዋ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው አቶቴ አካባቢ ነው። ግቢያችን ሰፊ አይደለም። ግን አጥሩን ተከትዬ ዱባ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ሁለት መደብ ጎመን አለኝ። ጥግ ላይ ደግሞ አንድ አቮካዶ ቆሟል።

ያስቸገረኝ ዱባው ነው። ሐረጉ አጥር ዘሎ ጎረቤት ገብቷል። ጠዋት ጠዋት ሲታይ ቢጫ በቢጫ ነው። ትንሽዬ ፍሬ ብቅ ትልና ጫፏ ቢጫ ሆኖ፣ ለስልሳ ትወድቃለች። ከአውራ ጣት ያለፈች አላየሁም። ፍግ በደንብ አግኝቷል፣ ውሃም አልጎደለበትም።

ጎረቤቴ «ንብ የለማ! በምን ይያዝልሽ?» አለችኝ። እውነትም ልብ ብዬ ሳይ እኛ ግቢ ንብ ብርቅ ነው። ዙሪያችን ያለው ግቢ ሁሉ ሲሚንቶና ታይልስ ሆኗል። እስቲ የምታውቁ፣ ንብ እንዴት ነው የሚጠራው? ቀፎ ልግዛ? አበባ ልትከል? ምን ዓይነት?

ጋሽ ቆፋሪ

ልጄ፣ በሽታ አይደለም፤ አትደንግጪ። ያልተዳቀለ ዱባ ምልክቱ ይኸው ነው።

ዱባ ወንድና ሴት አበባ ለየብቻ ያወጣል። ነገ ጠዋት ውጪና አበባዎቹን ከጀርባቸው እያቸው። ወንዱ ቀጭንና ረጅም አገዳ ላይ ይቆማል፤ ከስሩ ምንም የለም። ሴቷ አጠር ያለች ናት። ገና ሳትፈነዳ ከአበባዋ ስር ትንሽዬ ዱባ ይዛለች። አንቺ «ፍሬ ብቅ ትላለች» ያልሻት እሷ ናት። ፍሬ ሆና ሳይሆን ፍሬ ለመሆን እየጠበቀች ነው። የወንዱ ብናኝ ካልደረሳት ቢጫ ሆና ትወድቃለች።

ሐረጉ ገና ልጅ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚወጡት ወንዶቹ ብቻ ናቸው። ያኔ መታገስ ነው። ያንቺ ግን ሴት አውጥቷል።

ሰዓቱን ልብ በይ። አበባዋ ጎህ ሲቀድ ትከፈትና ፀሐይ ሲበረታ፣ ረፋዱ ላይ ትዘጋለች። በማግስቱ አትከፈትም። ያለቻት አንዲት ጠዋት ናት። በዚያች ጠዋት ንብ ካልመጣች አበቃ።

ንቡ እስኪመጣ በእጅሽ አዳቅዪው። ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ አዲስ የተከፈተ ወንድ አበባ ቅጠፊ። ቢጫውን ቅጠል ግፈፊው። መሃል ላይ ዱቄት የተሸከመ ዘንግ ይቀርሻል። እሱን ሴቷ መሃል ባለው በሚያጣብቀው ክፍል ላይ ዙሪያውን ቀስ አድርገሽ አሻሺው። አንዱ ወንድ ለሁለት ሴት ይበቃል። ከተሳካ ፍሬዋ በጥቂት ቀን ውስጥ መወፈር ትጀምራለች።

ሽሮ ፈሰስ

ጉድ በል ሀዋሳ! ዱባ ልንድር ነው ማለት ነው? 😂

ማር ወዳድ

እኔ ግን ቀፎ ግዢ ነው የምለው። ዘመናዊ ቀፎ ጣሪያው ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ዱባሽም ይዳቀላል፣ ማርም ትቆርጫለሽ። አገራችን በአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚዋ ናት ይባላል፣ እኛ ደግሞ ከሱቅ ስኳር የተቀላቀለበት እንገዛለን። ባንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ!

ሲስተር ሐይቅ ዳር

ማር ወዳድ፣ ወንድሜ፣ እባክህ ቀስ በል። ግቢ ለግቢ ተጣብቀን በምንኖርበት ሰፈር ቀፎ ጨዋታ አይደለም። የኛ አገር ንብ ቁጡ ነው። አንዲቷ ከነደፈች ሽታው ሌሎቹን ይጠራል። የታሰረ በግና ውሻ ማምለጫ የለውም። ልጆችስ? ንብ ሲነድፈው ፊቱ የሚያብጥ፣ ትንፋሹ የሚያጥረው ሰው አለ፤ ያ በደቂቃዎች ውስጥ ሐኪም ቤት የሚያስሮጥ ነገር ነው። ቀፎ ከሰፈር ወጣ ያለ ቦታ ላለው፣ ልብሱንና ጭሱን ለሚያውቅ ይሁን።

ጋሽ ቆፋሪ

ሲስተር እውነቷን ነው። ደግሞም ቀፎ አያስፈልግሽም። ንብ ለምግብ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር መሄድ ተራ ሥራዋ ነው። ከታቦር ተራራ ጥግም ትምጣ፣ ከሐይቁ ዳር ካለ የዛፍ ሽንቁርም ትምጣ፣ የሚቀሰም ካለ አንቺ ጋ ትደርሳለች። የሚቀሰም ከሌለ ግን ቀፎው ግቢሽ ውስጥ ቢሆን እንኳ በላይሽ አልፋ ሌላ ሰፈር ትሄዳለች።

ሌላው ነገር፣ ሁሉም ሰው ንብ ሲባል የማር ንብ ብቻ ይመስለዋል። ብቻዋን የምትኖር፣ ማር የማታከማች፣ ብትነካት እንጂ የማትነድፍ ስንት ዓይነት ንብ አለ! ስለ ቲማቲምሽ አላማረርሽም። ቲማቲም ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ግን ብናኙ ጫፉ ላይ ብቻ ቀዳዳ ባለው ከረጢት ውስጥ ነው የሚቀመጠው። መነቅነቅ አለበት። ነፋስ ይነቀንቀዋል። ከነፋስ የበለጠ ደግሞ ጥቁሯ ትልቋ ንብ፣ ደረቅ እንጨት የምትበሳዋ፣ አበባውን አቅፋ ክንፏን ሳታራግብ ሰውነቷን ታንቀጠቅጣለች፤ ዱቄቱ ዝርግፍ ይላል። ቆመሽ ብታዳምጪ ድምፁ ከበረራ ድምፅ ይለያል፣ ቀጠን ይላል። የማር ንብ ይህን ሥራ አትችልም።

እትዬ በሶብላ

የኔ ልጅ፣ አበባ ልትከል ወይ ላልሽው፣ አበባ አትግዢ። ወጥ ቤትሽ የሚፈልገውን ትከዪና አበባ እንዲያወጣ ተዪው። ሚስጥሩ እሱ ነው።

እኛ ችግራችን ምን መሰለሽ? ድንብላሉን በቅጠሉ እንጨርሰዋለን። ጎመኑን አበባ ሊያወጣ ሲል እንነቅለዋለን። ካሮቱም እንዲሁ። ግቢው ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ ግን ለንብ አንድ ጉርሻ የለውም። እኔ ግን ለበርበሬና ለሽሮ የሚበቃኝን በሶብላ ስቆርጥ ግማሹን ሳልነካ አስቀራለሁ። እሱ ላይ ረፋድ ሄደሽ ቁሚ። የማር ንቡ አለ፣ ትንንሾቹ ጥቋቁሮች አሉ፣ ሆዷ ላይ ሰማያዊ መስመር ያላት ፈጣን ንብ አለች፤ አንድ ቦታ ሁለቴ አታርፍም። ቢራቢሮውን ተዪው።

ድንብላልና እንስላል ለብቻቸው ነው የማያቸው። አበባቸው ደቃቅ ነው፣ ዣንጥላ ይሠራል። እዚያ ላይ የሚመጡት ምላሳቸው አጭር የሆነ ጥቃቅን ተርብና ዝንብ ናቸው። ናቂ እንዳትሆኚ፣ ጎመንሽን የሚጠብቁልሽ እነሱ ናቸው። ዘሩንም ታገኚበታለሽ፣ ከሱቅ አትገዢም።

ጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ሁሉም ይሆናሉ። ቦታ ካለሽ አጥሩ ላይ ግራዋ ጨምሪበት፤ በበጋው አበባ ሲጠፋ እሱ ያብባል። ደግሞ እዚህም እዚያም አንዳንድ አትትከይ። አንዱን ዓይነት ሰብሰብ አድርጊው። ንብ አንድ አበባ ከጀመረች እሱኑ ስትፈልግ ነው የምትውለው።

የአቶቴዋ

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ድንብላል ነገውኑ እዘራለሁ። አንድ ጥያቄ፦ በራችን ላይ የሚያምር ቦጋንቪላ አለ፣ ዓመቱን ሙሉ አበባ ነው። ለምን ንብ አይመጣበትም?

ጋሽ ቆፋሪ

ያ የሚያምረው ሮዝ ነገር አበባ አይደለም፤ ቀለም ያወጣ ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ መሃሉ ላይ ያለችው ነጭ ቀጭን ቱቦ ናት፣ አጠገብ ሄደሽ እያት። ለዓይን ነው እንጂ ለንብ እምብዛም ነው። ድርብርብ ጽጌረዳም እንዲሁ፤ መሃሉ በቅጠል ስለሚሞላ ንቧ መግቢያ የላትም። ንቀዪው አላልኩም፣ ለበርሽ ውበት ይሁን።

ነፋሻማዋ አዳማ

ከአዳማ ነኝ፣ ባልተጠራሁበት ልግባ። እናንተ ሀዋሳዎች ሐይቅ አላችሁ፣ ዝናቡም ደህና ነው። እኛ ጋ ነፋስ ነው የሚፈጀን፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫውን እዚህ የተከሉት ወደው መሰላችሁ? ንብ በኃይለኛ ነፋስ አትሠራም። አበባው ቢኖርም ማረፍ ያቅታታል።

እኔን የጠቀመኝ ሱፍ ነው። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ሱፍ በሁለት ረድፍ ዘራሁ። ሲያድግ አጥር ሆነ፣ ሲያብብ ንብ ጠራ፣ ሲደርስ ልጆች ለሱፍ ፍትፍት ለቀሙት። ከኋላው ያለው አትክልት ነፋስ ተከለለለት። አንዱን የሱፍ ራስ ልብ ብላችሁ እዩት፤ አንድ አበባ አይደለም፣ በመቶ የሚቆጠሩ ደቃቅ አበባዎች ናቸው። ከዳር ጀምረው ቀን በቀን ወደ መሃል ይከፈታሉ። ስለዚህ ንቧ ብዙ ቀን እየተመላለሰች አዲስ ታገኛለች።

ኑግም መዝራት ይቻላል። ኑግ የኛው አገር ሰብል ነው፣ ያለ ንብ ደግሞ ዘሩን በቅጡ አይዝም። ስለዚህ አበባው ንብ ለመጥራት አይሰንፍም።

ሽሮ ፈሰስ

ቆይ ግን፣ ጤፍም ንብ ይፈልጋል? እንጀራዬ ላይ አደጋ ካለ ንገሩኝ።

ነፋሻማዋ አዳማ

ለእንጀራህ አትስጋ። ጤፍ ራሱን ያዳቅላል፣ ስንዴና ገብስም እንደዚያው። በቆሎ በነፋስ ነው። አደጋው ወጡ ላይ ነው። ዱባው፣ ዘይቱ፣ አቮካዶው፣ ማንጎው፣ ድንብላሉ ንብና ዘመዶቿን ይፈልጋሉ። በዓለም ላይ ዋና ዋና ከሚባሉ የምግብ ሰብል ዓይነቶች ከ4ቱ 3ቱ ቢያንስ በከፊል በነፍሳትና በሌሎች እንስሳት እንደሚዳቀሉ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ ግምገማ አስፍሯል።

የአቶቴዋ

ሌላ ጣጣ መጣብኝ። ዱባውን ጋሽ ቆፋሪ እንዳሉኝ እያደረግሁ ነው። አሁን ደግሞ ጎመኑ ላይ ክሽክሽ ሰፈረ። ቅጠሉ ከጀርባው አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ቀርበሽ ስታዪው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ቅጠሉ ተጨማደደ። ገበያ ላይ አንድ ሰው መድኃኒት አለ ብሎኛል። ልርጨው ወይስ?

ሽሮ ፈሰስ

አንዴ ርጭ አድርጊው ይገላግልሻል። እኛ ቤት እንደዚያ ነው።

ጋሽ ቆፋሪ

አትርጪ! ሽሮ ፈሰስ፣ ልጄ፣ ቀልዱ ላይ ብርቱ ነህ፣ እዚህ ላይ ግን ተው።

መጀመሪያ፣ ገበያ ላይ በለስላሳ ፕላስቲክ ተቀድቶ የሚሸጥ ፈሳሽ ምን እንደሆነ፣ ስንት ለስንት እንደሚበጠበጥ፣ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ቆይቶ እንደሚበላ የሚናገር ወረቀት የለውም። ጎመኑን እኮ ልትበዪው ነው። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ደግሞ ያ ጠርሙስ ራሱ አደጋ ነው። ብዙ ጊዜ በዚህ መልክ የሚሸጠው ማላታይን ወይም ዘመዶቹ ናቸው። ማላታይን ክሽክሹንም ንቡንም ለይቶ አያውቅም። ስትጠሪያት የከረምሽውን ንብ በራስሽ እጅ መግደል ነው።

ሁለተኛ፣ አሁን ቅጠሉን ገልብጪና አፍጥጠሽ እዪው። ከሚንቀሳቀሱት መሃል የማይንቀሳቀስ፣ ተነፍቶ ድብልብል ያለ፣ ወርቃማ ወይም ቡናማ ክሽክሽ አለ? አንዳንዱ ጀርባው ላይ ክብ ቀዳዳ አለው? እሱን ያደረገችው ከራሷ ከክሽክሹ የማትበልጥ ተርብ ናት። እንቁላሏን በክሽክሹ ሆድ ውስጥ ትጥላለች። የሚፈለፈለው እጭ ከውስጥ ሆኖ ይበላውና ቆዳው ብቻ ይቀራል። ከዚያ ክብ በር ቆርጦ ይወጣል። እነዚያን የተነፉትን ካየሽ ሥራው ተጀምሯል ማለት ነው፤ ከቅጠሉ ላይ አትጥረጊያቸው።

ሦስተኛ፣ ጀርባዋ ቀይ፣ ነጠብጣብ ያላትን ክብ ጥንዚዛ ሁሉም ያውቃታል፣ ልጆች እጃቸው ላይ ያስኬዷታል። ልጇን ግን ማንም አያውቃትም። ጥቁር ናት፣ ረዘም ትላለች፣ ስድስት እግር አላት፣ ጎኗ ላይ ብርቱካናማ ምልክት አለ። አስቀያሚ ናት። ሰው ሁሉ «ትል» ብሎ የሚጨፈልቃት እሷን ነው። እሷ ደግሞ ሳታድግ በፊት በመቶ የሚቆጠር ክሽክሽ ትበላለች።

እትዬ በሶብላ

ጋሼ ስለ ዝንቧም ይንገሯት እንጂ። ንብ የምትመስለው፣ ሆዷ ቢጫና ጥቁር የሆነው፣ አየር ላይ ቀጥ ብላ የምትቆመዋ። ሰው ንብ ናት ብሎ ይሸሻታል፤ ክንፏ ሁለት ብቻ ነው፣ መንደፊያም የላት። እንስላሉ ላይ ነው የምትውለው። እንቁላሏን ነጭና ረዘም ያለች አድርጋ ክሽክሹ መሃል ትጥላለች፣ አንድ ባንድ። የሚፈለፈለው እጭ እግር የለውም፣ አረንጓዴ ቢጤ ነው። ክሽክሹን ነክሶ ወደ ላይ ያነሳውና ይመጠዋል። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ስመለከተው ቡናዬ ቀዘቀዘ።

የአቶቴዋ

ኧረ በስመአብ! አሁን ሄጄ ገልብጬ አየሁ። የተነፉት አሉ! አንድ ሦስት ቅጠል ላይ ብዙ ናቸው። ቀዳዳ ያለውም አለ። ጥቁሯን ግን አላየሁም። ጉንዳን ደግሞ በሰልፍ ይወጣል ይወርዳል። እሱስ ወዳጅ ነው ጠላት?

ጋሽ ቆፋሪ

ለክሽክሹ ወዳጅ ነው። ክሽክሽ የአትክልቱን ፈሳሽ መጥጦ ጣፋጭ ነገር ከኋላው ያወጣል። ጉንዳኑ ለዚያ ሲል እንደ እረኛ ይጠብቀዋል፤ ጥንዚዛዋንና እጯን ያባርራል። ስለዚህ መጀመሪያ ጉንዳኑን ከመንገዱ አስወጪው። ጎመን ከሆነ የፈላ ውሃ አያስፈልግም፤ የጉንዳኑን መውጫ መንገድ አጽጂ፣ መሬት የነካውን የታች ቅጠል ቁረጪ፣ ግንዱ ዙሪያ ደረቅ አመድ ንስንስ አድርጊ። ዝናብ ካጠበው ድገሚው።

ክሽክሹ ለበዛበት ቅጠል የሳሙና ውሃ ይበቃል። ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይሆንም፣ ቅጠል ያቃጥላል። ማታ ላይ፣ ንብ ከገባ በኋላ፣ የቅጠሉን ጀርባ ብቻ እርጪ። የተነፉት ያሉባቸውን ሦስት ቅጠሎች ተዪያቸው። እነሱ የማባዣ ጣቢያሽ ናቸው።

ትዕግሥት ይፈልጋል፣ አልደብቅሽም። ክሽክሽ ያለ ወንድ ይወልዳል፣ እንቁላል መጣል ሳያስፈልገው ልጅ ነው የሚጥለው። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ይቀድማል። ጥንዚዛዋና ተርቧ ዘግይተው ነው የሚደርሱት። ብዙ ሰው መድኃኒት የሚረጨው ልክ እነሱ ሊደርሱ ሲሉ ነው።

ነፋሻማዋ አዳማ

ይህን የመጨረሻውን አረፍተ ነገር ከባቱና ከመቂ የቲማቲም ማሳ ጋር ላገናኘው። ቱታ አብሶሉታ የምትባለዋ የቲማቲም ትል በ2012 እ.ኤ.አ. አገራችን መግባቷ ከታወቀ ወዲህ ርጭቱ ልክ አጣ። ትሏ ቅጠሉ ውስጥ ገብታ ነው የምትበላው፣ መድኃኒቱ ውጭ ያለውን ወዳጅ ይጨርሳል፣ እሷ ውስጥ ትተኛለች። ለጓሮ ዘዴው ቀላል ነው፦ ቅጠል ላይ ብራናማ ነጭ ጉድጓድ ስታዪ ቅጠሉን ቀንጥሰሽ ላስቲክ ውስጥ አስረሽ ፀሐይ ላይ አስቀምጪው። መሬት ላይ አትጣዪው።

ማር ወዳድ

እሺ፣ ቀፎውን ትቼዋለሁ። ግን ለንቦቹ ውሃ ማስቀመጥስ? ሰፊ ሳህን ውሃ ግቢ ውስጥ ላስቀምጥ አስቤ ነበር።

ሲስተር ሐይቅ ዳር

ውሃ ጥሩ ነው፤ ግን ሀዋሳ መሆንህን አትርሳ። የወባ ትንኝ የቆመ ውሃ ይወዳል። ከእንቁላል እስከ መብረር አንድ ሳምንት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ ውሃውን በሁለት ቀን አንዴ ድፋውና ሳህኑን ፈትገህ ቀይረው። እንደዚያ ካደረግህ ትንኝ አይፈለፈልም። «ነገ እቀይረዋለሁ» የምትል ከሆነ ግን አታስቀምጥ። አሮጌ ጎማና ጣሳ ውስጥ ያለውንም ውሃ አብረህ ድፋው እንጂ፣ ንብን ሰበብ አድርገን ወባ እንዳንጠራ።

እትዬ በሶብላ

ሳህኑ ውስጥ ጠጠር ሙላበት፣ ውሃው ከጠጠሩ በታች ይሁን። ንብ ዋናተኛ አይደለችም፣ ቆማ ነው የምትጠጣው። እኔ አሮጌ የሸክላ ምጣድ ነው ያደረግሁላት።

የአቶቴዋ

ስለ ማደሪያም ልጠይቅ። ጋሼ ብቻቸውን የሚኖሩ ንቦች አሉ ብለዋል። እነሱ የት ነው የሚያድሩት? የምጠይቀው አከራዬ የቀረውን መሬት በሙሉ ሲሚንቶ ላድርገው ስለሚሉ ነው። ጭቃ ሰለቸኝ ነው የሚሉት፣ እውነታቸውንም ነው።

ጋሽ ቆፋሪ

አብዛኞቹ መሬት ውስጥ ነው። ጣዝማን ታውቂያለሽ አይደል? መንደፊያ የላትም፣ ማሯን ለመድኃኒት እንፈልገዋለን፣ ቤቷ መሬት ስር ነው። ብቸኞቹም ብዙዎቹ ያልተቆፈረ፣ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ገላጣ አፈር ላይ ከእርሳስ የማይወፍር ቀዳዳ ይምሳሉ። ጥቁሯ ትልቋ ደግሞ የደረቀ እንጨት ትበሳለች።

አከራይሽን ለምኛቸው። መኪና የሚቆምበትንና በሩን ሲሚንቶ ያድርጉት፣ አጥሩን ተከትሎ አንድ ክንድ የሚሆን ስፋት አፈሩን ይተዉልሽ። በዝናብ ጊዜም ውሃው የሚሰርግበት ያገኛል፣ ደጃፋቸው አይጥለቀለቅም። እሱን ብትነግሪያቸው ከንቡ ይልቅ ይሰሙሻል።

አቮካዶ ይርጋለም

ዘግይቼ ገባሁ። አቶቴ ያለችው እህቴ አንድ አቮካዶ አለኝ ብላለች። ይይዛል?

የአቶቴዋ

ያብባል። ይይዛል ማለት ግን ይከብዳል፤ እጅ የማይሞላ ነው። እሱም የንብ ጉዳይ ነው?

አቮካዶ ይርጋለም

ግማሹ የንብ ነው፣ ግማሹ የራሱ የአቮካዶው ጠባይ ነው። እያንዳንዷ የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ ነው የምትከፈተው። መጀመሪያ ሴት ሆና፣ ትዘጋና በማግስቱ ወንድ ሆና። ሐስ የሚባለው ዓይነት ሴትነቱ ጠዋት ነው፣ ወንድነቱ በማግስቱ ከሰዓት። ኤቲንገርና ፉዌርቴ ደግሞ የተገላቢጦሽ ናቸው፤ ከሰዓት ሴት፣ በማግስቱ ጠዋት ወንድ። ስለዚህ አንዱ ብቻውን ሲሆን ሴቷና ወንዱ እየተላለፉ ይውላሉ። ሁለቱ ዓይነት አጠገብ ላጠገብ ሲሆኑ ግን የአንዱ ወንድ ከሌላው ሴት ጋር በሰዓቱ ይገናኛል። ያገናኘው ደግሞ ንብና ዝንብ ነው፣ ነፋስ አይደለም።

እኛ ጋ ለፋብሪካና ለውጭ ገበያ የሚፈለገው ሐስ ነው፤ ግን አዋቂ ገበሬ መሃል መሃሉን ሌላ ዓይነት ይተክላል። አንቺ ቦታ ከሌለሽ ጎረቤት ትከል፤ ንብ የአጥር ጉዳይ አይገባትም። ወይም ከሌላው ዓይነት አንድ ቅርንጫፍ ዛፍሽ ላይ አስቀጥዪበት፣ ይህን የሚሠራ ሰው ችግኝ ጣቢያ አይጠፋም።

ሲያብብ ምንም ዓይነት ርጭት የለም። ይህን እኛ ሰፈር ሕፃንም ያውቀዋል።

ሽሮ ፈሰስ

ጠዋት ሴት፣ በማግስቱ ከሰዓት ወንድ። እኔ ደግሞ ዱባው ይገርመኝ ነበር።

ቀልዱን ልተው፣ አንድ የምር ጥያቄ አለኝ። ሐይቅ ዳር ያለው ትልቁ ሾላ አበባ ሲያወጣ አይቼ አላውቅም። ፍሬው ግን ሞልቷል። እሱስ?

ጋሽ ቆፋሪ

ይኸው ጥሩ ጥያቄ መጣ። የሾላ አበባ ፍሬ በምትለው ውስጥ ነው ያለው፣ ወደ ውስጥ ዞሮ። የምትገባው ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም የማትበልጥ ተርብ ናት። መግቢያው ስለሚጠብ ክንፏ ይቆረጣል፤ ከገባች አትወጣም። እዚያው አዳቅላ፣ እንቁላሏን ጥላ ትሞታለች። ልጆቿ ናቸው ብናኙን ተሸክመው የሚወጡት። ዋርካም የራሱ ተርብ አለው። ስለዚህ «ተርብ ምን ይጠቅማል» ለሚል ሰው የሐይቁን ዳር ጥላ ማሳየት ነው።

ሲስተር ሐይቅ ዳር

ጋሼ፣ ከንግዲህ ሾላ መብላት ልተው ነው 😅

ጋሽ ቆፋሪ

ሲስተር፣ ስትበዪ ኖረሻል፣ ምንም አልሆንሽም። ዛሬ ምን ተገኘ?

አዲስ ገቢ ከዳቶ

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፣ ተባረኩ። የኔ ጥያቄ ፓፓያ ላይ ነው። ከቤት ጣሪያ በላይ ሆኗል፣ አበባው ረጅም ክር ላይ ተንጠልጥሎ እስከ ታች ይወርዳል፣ ማታ ማታ ሽታው ደስ ይላል። ፍሬ ግን ዜሮ። ድንብላልም በሶብላም ልትከልለት?

እትዬ በሶብላ

ልጄ፣ ለሱ የበሶብላ ጫካ ብትተክልለትም አይወልድም። ወንድ ነው። ሴቷ አበባዋን ግንዷ ላይ አስጠግታ ነው የምታወጣው፣ ክር የላትም።

አዲስ ገቢ ከዳቶ

እንቁረጠው ታዲያ?

ጋሽ ቆፋሪ

ከመቁረጥህ በፊት ጎረቤት ሴት ፓፓያ እንዳላቸው ጠይቅ። ማታ የሚሸተው የእሳት ራትን ለመጥራት ነው፤ ከያንተ ግቢ ብናኝ ይዛ የምትሄደው ወደነሱ ነው። ካላቸው ተስማሙ፤ ዛፉ ያንተ፣ ፍሬው እኩል። ከሌላቸው ቁረጠውና በቦታው ሦስት አራት ችግኝ አንድ ላይ ትከል። አበባ ሲያወጡ ወንድና ሴቱን ትለያለህ፣ ትርፉን ያኔ ትነቅላለህ።